ጎል የገባሁት በስህተት ነው

ጎል ስል ኳስ እንዳይመስላችሁ። ጎል ከተማ ናት። ስሪ ላንካ ውስጥ፣ በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በሦስት በኩል ባሕር የከበባት አሮጌ የግንብ ከተማ። ስሟ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሌላ ይመስላል። ሲጠሯት ግን ልክ እንደ ኳሱ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጣ ሲሉ የሚያገኙት ደግሞ ስታዲየም መሆኑ ቀልዱን ያሟላዋል። የሚጫወቱበት ክሪኬት ነው እንጂ።

ኮሎምቦ የሄድኩት ለሥልጠና ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምስት ቀን ሙሉ ውጭው በሙቀት እየነደደ እኛ ሹራብ ደርበን አዳራሽ ውስጥ ስለ ኦዲት ስንሰማ ሰነበትን። አየር ማቀዝቀዣውን የሚቀንስ ሰው ጠፋ። ቅዳሜ ነፃ ቀን ነው ሲሉን፣ ገና ሐሙስ ላይ ልቤ ሸፈተ።

አብረውኝ የሚሠለጥኑት ሚኒባስ ተኮናትረው በፈጣኑ መንገድ ወደ ጎል ሊሄዱ ተስማሙ። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ፣ ካልነገርኳችሁ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ሰዓት ከምናምን ያደርሳል። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ባቡሩ ባሕሩን ታክኮ ነው የሚወርደው ሲባል ሰምቻለኋ። «ቀኑን መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ» አለችኝ አንዷ። ፈጣን ባቡር አለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ኮሎምቦ ያለው ዋናው ጣቢያ ፎርት ይባላል፤ ምሽግ ማለት ነው። ምሽግ ግን የለም። ፖርቹጋሎች የጀመሩትን፣ ሆላንዶች ያጠናከሩትን ግንብ እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፈራርሰውታል። ጣቢያው የተሠራው በ1917 ነው። የቀረለት ስሙ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትኬት መቁረጫው ጋ ደረስኩ። ሰውየው በብረት ቀዳዳ ውስጥ የአውራ ጣት የምታህል የካርቶን ትኬት ወረወረልኝ። ወፍራም፣ ትንሽዬ። እንደዚህ ዓይነት ትኬት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያውኑ ሰርቄ የማስቀርበትን ዘዴ ማሰላሰል ጀመርኩ። (አልተሳካልኝም። ጎል በር ላይ ተቀበሉኝ።)

ስህተቴን የሠራሁት መሣፈሪያው ላይ ነው። ድምፅ ማጉያው በሲንሃላ ይናገራል፣ በታሚል ይደግማል፣ በእንግሊዝኛ ሲደርስ ሌላ ባቡር እየጮኸ ይገባል። ባቡር መጣ። ሰው ተሳፈረ። እኔም ተሳፈርኩ።

ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ስንቆም መጠርጠር ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ እርግጠኛ ሆንኩ። ፈጣን የሚባል ነገር በየአምስት ደቂቃው አይቆምም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ እግር ድረስ የሚወርድ ሽርጥ፣ ጭናቸው ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ጋዜጣ። ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በልቤ ጋሼ ብዬ ሰየምኳቸው። እሳቸው ደግሞ ሳይቆዩ «ዱወ» ይሉኝ ጀመር። በሲንሃላ ልጄ እንደማለት ነው፣ ለሴት።

«ፈጣኑ በሌላኛው በኩል ነበር፣ ዱወ» አሉኝ እየሳቁ። «ይሄም ይደርሳል። መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ሰላም እያለ ነው እንጂ።»

ከዚያ በቦርሳዬ የያዝኩትን ወንበር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግራ ምን ትሠሪያለሽ? ወደ ቀኝ ነይ።» ወደ ደቡብ ስትወርዱ ባሕሩ በቀኝ ነው። ይህን ሳታውቁ በግራ መስኮት አራት ሰዓት የሰው ጓሮ ስታዩ ልትውሉ ትችላላችሁ። ጓሮውም አይከፋም፣ እሱን እመለስበታለሁ።

ባሕሩ እንደዚህ ይቀርባል ብዬ አልገመትኩም። ከከተማው እንኳን ገና ሳንወጣ ሐዲዱ ከውሃው የሚለየው አንድ ረድፍ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ሲፈነዳ ፍንጣቂው መስኮት ድረስ ይመጣል። መስኮቱ ክፍት ነው። በሩም ክፍት ነው። ወጣቶቹ በሩ ላይ ተንጠልጥለው ፀጉራቸውን ለነፋስ ሰጥተዋል። እኔ በመጀመሪያው ሰዓት ስለ ኢንሹራንስ ነበር የማስበው። በሁለተኛው ሰዓት ራሴን በሩ ጋ አገኘሁት፤ በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው ቀሚሴን ይዤ።

ወደ ጓሮው ልመለስ። ባቡር የከተማን ጓሮ ያሳያል። መንገድ ፊቷን ነው የሚያሳያችሁ፤ ሱቁን፣ ማስታወቂያውን፣ የተቀባውን አጥር። በሐዲዱ በኩል ግን ማንም አልተዘጋጀላችሁም። ጥርሱን የሚፍቅ ሰው። ገመድ ላይ የተሰጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ አምስት ነጭ ሸሚዝ በቁመት ተራ። ዶሮ የምታባርር ሴት። አሸዋ ላይ ሦስት እንጨት ተክለው ክሪኬት የሚጫወቱ ልጆች፤ ኳሱ ባሕር ሲገባ ማን ይሂድ እያሉ ሲጨቃጨቁ ባቡሩ ይዞኝ ሄደ። ማን እንደሄደ እስካሁን አላወቅኩም።

ሻጮቹ የሚሳፈሩት በአንዱ ጣቢያ፣ የሚወርዱት በሌላው ነው። ኦቾሎኒ፣ ማንጎ በጨውና በርበሬ፣ ሻይ። ከሁሉም የበለጠብኝ ኢሶ ወዴ የሚባለው ነው። የተፈጨ ምስር በቅመም ተለውሶ፣ ላዩ ላይ ሙሉ ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ ተለጥፎ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ። ሻጩ ቅርጫቱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «ኢሶ ወዴ፣ ወዴ፣ ወዴ» እያለ በሰው መሃል ይሾልካል። እኔ ወዴት ወዴት እያለ የሚጠይቀኝ ነበር የመሰለኝ።

የሚጠቀልልላችሁ በተጻፈበት ደብተር ወረቀት ነው። የእኔ የደረሰኝ የሒሳብ ደብተር ነው። ዕድሌ! የሆነ ልጅ 347 ሲደመር 285 ተጠይቆ 622 ብሏል። መምህሩ በቀይ ኤክስ አድርጎበታል። ዘይት ያጠጣውን ወረቀት መስኮቱ ላይ ዘርግቼ ስህተቱን ፈለግኩ። ከአንድ ቤት የተረፈችውን አንዷን ወደ አሥር ቤት ማሻገር ረስቷል። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይሄ ልጅ ፖስታ ቤት ይቀጠራል» አሉ።

ካሉታራ ላይ ወንዙን ስንሻገር ሰዉ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ ነጩ የቡድሃ ስቱፓ፣ ጉልላት ወደሚመስለው መቅደስ፣ ጎንበስ አለ። ስቱፓ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፤ የካሉታራው ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ ሰው ይገባበታል። ከዚያ ወዲያ ኮኮናት ብቻ። ዛፎቹ ጫፍ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ የተወጠረ ገመድ ታያላችሁ። የመብራት ሽቦ መስሎኝ ነበር። የመጠጥ ቀጂዎች መንገድ ነው! ከኮኮናቱ አበባ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ለመሰብሰብ አንዴ ይወጡና በየዛፉ ከመውረድ ገመዱን እየረገጡ ይሻገራሉ። ጠላው ከላይ ነው የሚጠመቀው ማለት ይቻላል።

ከካሉታራ ራቅ ስንል ሐዲዱ ነጠላ ሆነ። ይሄኔ ነው ቀርፋፋነቱ የለየለት። ከፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ገብቶ መጠበቅ አለበት። የሚጠብቀው ደግሞ ሁልጊዜ የእኛ ነው። ስሙን ያልያዝኩት አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። የጣቢያው ኃላፊ ከላይ እስከ ታች ነጭ ዩኒፎርም ለብሷል፣ የመርከብ ካፒቴን ነው የሚመስለው። አበባ በተተከለባቸው ጣሳዎች መሃል እየተንጎራደደ አንዱን አጠጣ፣ አንዱን ዘለለ። ውሻ ሐዲዱ ላይ ተኝቷል። ማንም አልቀሰቀሰውም። ከእኛ ፉርጎ አንድ ሰውዬ ወርዶ ጸጉሩን ከቧንቧ አራሰና ተመልሶ ገባ። ስልኬን አወጣሁ፣ ሚኒባስ የተሳፈሩት ጎል ደርሰው ከግንቡ ላይ ፎቶ ልከዋል። ስልኬን መለስኩ። ውሻው ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ወረደ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከፊት ያለው ባቡር እየጮኸ አለፈ። ውሻው ከኃላፊው በላይ መርሐ ግብሩን ያውቀዋል።

አምባላንጎዳን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጋሼ ጋዜጣቸውን አጠፉና በጣታቸው ወደ ውጭ አመለከቱኝ። በኮኮናቶቹ መሃል ረጅም የቆመ የቡድሃ ሐውልት ይታያል። «ፔራሊያ» አሉ።

ስሙን ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ቀኑን ግን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 17 ቀን 1997፣ እሑድ ጠዋት። ሱናሚ የመጣ ዕለት። ከኮሎምቦ ፎርት የተነሣች የባሕር ንግሥት የምትባል ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እዚህ ደረሰች። የመጀመሪያው ውሃ ሐዲዱን አጥለቅልቆ አስቆማት። የመንደሩ ሰው ባቡር ብረት ነው፣ ከባድ ነው፣ አይነቃነቅም ብሎ ወደ ባቡሩ ሮጠ። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ልጆቹን በመስኮት አስገባ፣ ከኋላው ተከለለ። ሁለተኛው ማዕበል ከጣሪያው በላይ ሆኖ መጣ። ፉርጎዎቹን አንከባለላቸው።

ከ1,700 በላይ ሰው ነው የሞተው። በባቡር ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የሞት አደጋ የለም። ቁጥሩ ግን ግምት ነው። የተቆረጠው ትኬት 1,500 ገደማ ነበር፤ ነገር ግን በነፃ ፈቃድ የተሳፈሩት የባቡር ሠራተኞች፣ ከመንደሩ ሮጠው የገቡት፣ እነሱ መዝገብ ላይ የሉም። ሥራዬ ሆኖ እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ወርን ለመዝጋት አንዲት ብር ጠፍታ ሌሊት የማመሽ ሰው ነኝ። ይሄ ሒሳብ አልተዘጋም፣ አይዘጋምም።

ሐዲዱ ሁለት ወር ሳይሞላ ተሠርቶ ባቡር አለፈበት። ያን ቀን ባቡሩን ይጎትት የነበረው ማኒቶባ የሚባለው ሞተርም ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመልሷል። ጋሼ ይህን ሁሉ የነገሩኝ የጣቢያ ስም እንደሚቆጥር ሰው በዝግታ ነው። ፉርጎው ጸጥ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። የወዴው ልጅ አልፎ ሄደ። አንዲት እናት ለልጇ ማንጎ ቆርጣ ሰጠች። ጋሼም ጋዜጣቸውን ዘረጉ። በቀኝ በኩል ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ተኝቷል፣ አያምርም ለማለት ብፈልግም ያምራል።

ጎል ስንደርስ ቀትር ላይ ነበር። ጣቢያው መጨረሻው የተዘጋ ነው። ወደ ማታራ የሚቀጥለው ባቡር ሞተሩን ቀይሮ ወደ ኋላ ይወጣል። ጋሼ ልጃቸው ጋ ወደ ማታራ ቀጠሉ። «ግንቡ ላይ ፀሐይ ስትገባ ቆይ» አሉኝ በመስኮት። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፣ ያናድደኛል።

ከጣቢያው እስከ ግንቡ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ምንም ቢሏችሁ። (እነሱም ባጃጅ ነው የሚነዱት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።) ስታዲየሙን አልፋችሁ በትልቁ በር ትገባላችሁ። ይህ በር እንግሊዞች በ1873 የከፈቱት አዲሱ ነው። አሮጌውን በር ፈልጋችሁ ሂዱ። በውስጥ በኩል ከላዩ ላይ 1669 የሚል ዓመት፣ ሁለት አንበሳ፣ በመሃል የሆላንዶቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ምልክት፣ ከበላዩም አንድ አውራ ዶሮ ተቀርጿል። ዶሮው ወሬ አለው። ፖርቹጋሎች በ1505 ማዕበል ገፍቶ ወደዚህ ሲያመጣቸው ዶሮ ሲጮኽ ሰምተው ነው ቦታውን እንዲህ የጠሩት ይባላል፤ በቋንቋቸው አውራ ዶሮ ጋሎ ነው። ሲንሃላዎቹ ደግሞ ስሙ ከራሳችን ቋንቋ ነው ይላሉ። ለእኔ የነሱ ያሳምነኛል። ፖርቹጋሎች ከመምጣታቸው በፊት እኮ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቃሊ አልፌያለሁ ብሎ ጽፏል፤ ቃሊ የሚላት ጎልን ነው። ዶሮዋ የጮኸችው ዘግይታ ነው።

ከጎል የሄደ አንድ ድንጋይ ሐሙስ ዕለት ኮሎምቦ ሙዚየም አይቼ ነበር። ቻይናዊው የባሕር አዛዥ ዠንግ ሄ በ1409 ያስቀረጸው ነው። በቻይንኛ ለቡድሃ፣ በታሚል ለሂንዱው አምላክ፣ በፋርስኛ ለአላህ የቀረበ ስጦታ ይዘረዝራል። ሁሉንም በየቋንቋው ማመስገን! የተገኘው በ1911 ጎል ውስጥ ነው፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ከድኖ ተቀምጦ።

ሆላንዶች ጎልን ከፖርቹጋሎች የነጠቁት በ1640 ነው፤ እንግሊዞች ከሆላንዶች በ1796። ግንቡን ዛሬ ባለው መልኩ ያቆሙት ሆላንዶች ናቸው። ከመሬት በታች የቆሻሻ ቦይ ቆፍረው ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ራሱ እንዲያጥበው አድርገዋል። በ2004ቱ ሱናሚም አዲሱ ከተማና ስታዲየሙ በውሃ ሲጠፋ አሮጌው ከተማ ከግንቡ ጀርባ ብዙም ሳይነካ ቆሟል።

ግን እኔን የገረመኝ የባቡሩ ነገር ነው። ጎል ለረጅም ዘመን የደሴቲቱ ዋና ወደብ ነበረች። ከአውሮፓ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱ የእንፋሎት መርከቦች እዚህ ነበር የሚቆሙት። ወሬ የሚሰማው መጀመሪያ ጎል ላይ ነው። በ1850ዎቹ አንድ የኮሎምቦ ጋዜጣ ከመርከብ የወረደውን ዜና በእርግብ እግር አስሮ ነበር የሚያስመጣው። (እርግቦቹ የእኔን ባቡር ሳይቀድሙት አይቀሩም።) ከዚያ እንግሊዞች በ1875 ኮሎምቦ ላይ የማዕበል መከላከያ ግንብ መሥራት ጀመሩ፣ በ1885 ጨረሱ። መርከቦቹ ወደዚያ ዞሩ። ሐዲዱ ጎል የደረሰው በ1894 ነው። ገበያው ከተበተነ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ! ባቡር ሲመጣ የሚጭነው አልነበረም።

ለዚህ ይመስለኛል የቀረችው። የኮሎምቦ ግንብ ከተማው ሲሰፋ ፈረሰ። የጎልን ለማፍረስ የሚያስቸኩል ሥራ ማንም አልነበረውም። በ1988 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት መንገዶቿ የሆላንዶቹን ስም እንደያዙ ነበር። ሌይን ባን የሚባለው መንገድ የገመድ ሠሪዎች ነው፣ ለመርከብ ገመድ የሚገምዱበት። አሁን የቀለበት ሱቅ ሞልቶታል። የ1755ቱ ቤተ ክርስቲያን ወለሉ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ የራስ ቅል የተቀረጸበትን ላለመርገጥ እየዘለልኩ ወጣሁ። ከመብራቱ ማማ ሥር ያለው መስጊድ ከሩቅ ካቴድራል ነው የሚመስለው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ግንቡን ዞርኩ። ጥንዶች በየግንቡ ጥግ በትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ተከልለዋል። ዝናብ የለም፣ ፀሐዩም በርዷል። ከጃንጥላው ሥር አራት እግር ብቻ ይታያል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ባሕሩን ያያል፣ እኔም ባሕሩን አየሁ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሚኒባሶቹ ደወሉ፤ ቦታ አለን፣ እንሄዳለን፣ አትምጪም?

ሄድኩ። ደክሞኝ ነበር፣ አልዋሽም። ፀሐይዋ ስትገባ ጋሼ እንዳሉኝ ግንቡ ላይ ሳይሆን ከኋላ ወንበር፣ በመጋረጃ ቀዳዳ ነው ያየኋት። ፈጣኑ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ባሕሩን አንዴም አያሳይም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲቀሰቅሱኝ ኮሎምቦ ነበርን።

ሰኞ ዕለት አሠልጣኙ የናሙና ሒሳብ ሰጠን። ማስታወሻዬን ስከፍት ዘይት የጠጣው ወረቀት ተለጥፎበት ወጣ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ሽሪምፕ ሽሪምፕ የሚሸተው ምንድነው አለችኝ። 622ቷን አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «ትክክል አይደል እንዴ?» አለች።